ከረመዳን እስከ መውሊድ



በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ የዝምድና ጉዳይ ነው። የቀን ቆጠራም ስላለበት ወረቀትና እርሳስ አቅርባችሁ ብታነቡት አይከፋም።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ ባሕር ማዶ የሸኘ ቤተሰብ ብዙ ነው። አንዱ በስደት ሄዷል፤ ሌላው የዲቪ ዕጣ ወጥቶለታል፤ ሌላዋን ባሏ ወስዷታል። ብዙ የኦሮሞ ተወላጆች የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ በየቤታችን ስሟ ይነሣል። እነዚህ ልጆች ከስንት ዓመት በኋላ ዘመድ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሲመጡ ደስታው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ሁሉ ነው። የመመለሻቸው ቀን ሲቃረብ ግን አንዲት ቃል ከያቅጣጫው ትሰማለች። በኦሮምኛ «ቱሪ» ትባላለች፤ በአማርኛ «ቆይ» ነው።

«ቱሪ» የፍቅር ቃል ናት። እናት ትላለች፣ አክስት ትላለች፣ ጎረቤትም ይላል። ረመዳን ሲገባ የመጣውን ልጅ «እንዴት ኢድን ሳታከብር ትሄዳለህ?» እንለዋለን። ኢድ ሲያልፍ «ዐረፋ እኮ ቅርብ ነው፣ አብረን እናርዳለን» ይባላል። ከዐረፋ በኋላ የእኅቱ ኒካሕ ይደርሳል። ከዚያም «መውሊድን ብቻ አብረኸን ዋል» ይመጣል።

አሁን እርሳሱን እናንሣ። ከረመዳን መባቻ እስከ ሰፈር ወር ማብቂያ ስድስት የጨረቃ ወሮች አሉ፤ 177 ቀን ገደማ ይሆናሉ። መውሊድ ረቢዐል አወል 12 ላይ ነውና ቁጥሩ ወደ 188 ቀን ይደርሳል። እንግዲህ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ የሆነው ልጃችን የዚያን አገር ሕግ አንድ ድንበር ተሻግሯል ማለት ነው። ድንበሩ 180 ቀን ነውና።

ካርዱ ሌላ፣ መብቱ ሌላ

በመምህርነት ሥራችን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አስነብቡን የሚሉ ወላጆችን ዘወትር እናገኛለን። ከሚያነሡልን ጥያቄዎች መካከል «ግሪን ካርዱ ለ10 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ተጽፎበታል፤ ታዲያ ልጄን ምን ያስቸኩለዋል?» የሚለው ተደጋጋሚ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከባድ አይደለም። በካርዱ ላይ የታተመው ቀን የካርዱ ዕድሜ ነው፤ የመብቱ ዕድሜ አይደለም። መብቱ የተሰጠው በአሜሪካ ለሚኖር ሰው ነው። አንድ ሰው የነቀምቴ ነዋሪ መሆኑን የሚገልጽ መታወቂያ በኪሱ ይዞ፣ ቤቱንም ሥራውንም ልጆቹንም ወደ አሶሳ ቢያዞር፣ ወረቀቱ ዕድሜው ስላላለፈ ብቻ ሰውየው የነቀምቴ ነዋሪ ነው ይባላልን? አይባልም። ግሪን ካርድም እንዲሁ ነው። ስሙም «ቋሚ ነዋሪ» ነው የሚለው።

ስለዚህ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ የቀን ድንበሮች አሉ።

አንደኛ፣ በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ቋሚ ነዋሪ ሲመለስ ሕጉ እንደ አዲስ ገቢ ይመለከተዋል። መብቱን አጣ ማለት አይደለም። ነገር ግን በመግቢያው በር ላይ «ለምን ቆየህ? ቤትህ የት ነው? ሥራህስ?» ተብሎ በጥብቅ ሊጠየቅ ይችላል፤ መልስና ማስረጃ ይዞ መቅረብ ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ እንደሆነ ካርዱ ብቻውን የመመለሻ ሰነድ አይሆነውም። ትክክለኛ ሰነድ የሌለውን መንገደኛ ያደረሰ አየር መንገድ ቅጣት ስለሚደርስበት፣ ችግሩ አሜሪካ ከመድረሱ በፊት ገና ቦሌ ላይ ሊጀምር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከዓመት በላይ እንደሚቆይ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የመመለሻ ፈቃድ የሚባለውን፣ በእነርሱ አጠራር ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት፣ ማውጣት አለበት። ማመልከቻው ቅጽ አይ-131 ይባላል። ይህን ፈቃድ መጠየቅ የሚቻለው ሰውየው አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው፤ አሻራም እዚያው ይሰጣል። ነቀምቴ ከመጣ በኋላ ቢጸጸት ከዚህ ሆኖ ማመልከት አይችልም። ፈቃዱ ቢበዛ ለ2 ዓመት ያገለግላል፤ ሲያልቅም አይራዘምም።

አራተኛ፣ ዜግነት ለማግኘት የሚቆጠረው ዘመን ለብቻው ይሰላል። በጥቅሉ 5 ዓመት፣ ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በትዳር ለሚኖር 3 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት መኖር ያስፈልጋል። ከዚሁ ጊዜ ቢያንስ ግማሹን በአካል እዚያው መገኘት ግድ ነው። ከ6 ወር በላይ የሆነ አንድ ጉዞ ቆጠራው እንደተቋረጠ ሊያስቆጥር ይችላል፤ አንድ ዓመት የሞላው ጉዞ ግን ያቋርጠዋል። የመመለሻ ፈቃዱ ካርዱን ይጠብቃል እንጂ ይህን ቆጠራ አይጠብቅም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ ወዴት ነበር?

አንዳንዶች «በየ11 ወሩ ብቅ ብዬ እመለሳለሁ፣ ማን ይነካኛል?» ሲሉ ይሰማል። ይህም አያስተማምንም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1988 በሰጠው ውሳኔ የተመለከተው የቀኑን ብዛት ብቻ ሳይሆን የጉዞውን ዓላማ ነው። ሰውየው ሲወጣ ጉዞው ጊዜያዊ ነበር ወይ? ማብቂያው በቅርብ የሚታወቅ ነበር ወይ? ኑሮው፣ ሥራው፣ ቤተሰቡ የት ነበር? በእነዚህ ሚዛኖች ሲታይ፣ ዋና ኑሮውን ወደዚህ አዙሮ እዚያ በእንግድነት ብቅ የሚል ሰው ዓመት ሳይሞላውም መብቱን ትቷል ሊባል ይችላል። የእናቱን ሕመም ለማስታመም መጥቶ፣ እዚያ ቤቱን፣ የባንክ ሒሳቡንና ሥራውን ጠብቆ፣ ግብሩን በነዋሪነት እየከፈለ የቆየ ግን የሚያቀርበው ምክንያት አለው። ግብሩን «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ ያሳወቀ ሰው በገዛ እጁ በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው።

በመግቢያው በር ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚቀርብ አንድ ቅጽ አለ፤ አይ-407 ይባላል። ትርጉሙ «ቋሚ ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ» ማለት ነው። በፈቃድ የሚፈረም እንጂ በግድ የሚፈረም አይደለም። መብቱን አልተውኩም የሚል ሰው ሳይፈርም፣ ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ይህን ለመንገደኛው ሁሉ፣ በተለይ እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች፣ ሳይሳፈሩ በፊት ልንነግራቸው ይገባል።

የሚጠፋው የአንድ ሰው ካርድ ብቻ አይደለም

«ካርዱ ቢጠፋ ምን ይሆናል፣ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው» የሚል አይጠፋም። ሪዝቅ በአላህ እጅ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ካርዱ ከአንድ ሰው በላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ብዙ ነው። ባል እዚያ በቋሚ ነዋሪነት እየኖረ፣ ለሚስቱና ላላገቡ ልጆቹ ማመልከቻ አስገብቶ፣ እነርሱ ነቀምቴ ወረፋ እየጠበቁ ይሆናል። ባል መብቱን ያጣ ቀን ያ ማመልከቻ መሠረቱ ይናዳል። ለዓመታት የተጠበቀው ወረፋ ይፈርሳል። ስለዚህ ያ ካርድ ለሚስትም ለልጆችም አማና ነው፤ አማናን በቸልታ ማጥፋት ደግሞ ተወኩል አይባልም።

እናትና አባትንስ? ቋሚ ነዋሪ ለወላጆቹ ማመልከት አይችልም፤ የሚችለው ዜጋ ሲሆን ነው። እንግዲህ አንዲት እናት ዛሬ «ቱሪ» ብላ ልጇን ባቆየችው ቁጥር፣ እርሷው ራሷ ልጇ ዘንድ የምትሄድበትን ቀን እያራቀችው ሊሆን ይችላል። ይህን ብታውቅ ምን እንደምትል እርሷው ትፍረድ፤ የእኛ ፍላጎት ሳታውቅ እንዳትፈርድ ነው።

ልጆችን ወደ አያቶች ስለ መላክ

ዛሬ ዛሬ ደስ የሚያሰኝ ልማድ እያየን ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ወላጆች ልጆቻቸው ቁርኣን እንዲቀሩ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እንዲለምዱ፣ ከአያት እንዲተዋወቁ ወደ አገር ይልካሉ። እነዚህ ልጆች አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ከሆኑ የመመለስ መብታቸው በቆይታ ብዛት አይጠፋም። ግሪን ካርድ ያላቸው ከሆኑ ግን የአዋቂው ድንበር በእነርሱም ላይ ይሠራል። «ሁለት ዓመት ይቅራና ይመለሳል» የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ያለ መመለሻ ፈቃድ አንድ ዓመት ካለፈው፣ ካርዱ ብቻውን ወደ እናቱ አይመልሰውም። ሕፃኑ ደግሞ ቀን አይቆጥርም፤ የሚቆጥሩለት ወላጅና አያት ናቸው።

ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት የመጣች እኅትም አንድ ነገር ትወቅ። ቋሚ ነዋሪ የሆነች እናት ለጊዜያዊ ጉብኝት መጥታ እዚህ የወለደችው ሕፃን ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ እናቱ ከወለደች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመለስ አብሯት ቢጓዝ፣ የስደተኛ ቪዛ ሳያስፈልገው ሊገባ ይችላል። የልደት ማስረጃውን ማውጣትና የልጁን ፓስፖርት ማዘጋጀት ግን አይርሳት። ሕፃኑን ለአያቱ ትታ ብቻዋን ከሄደች ይህ ዕድል ሊያመልጣት ይችላል።

ሌሎች አገሮችስ?

ድንበሩ በየአገሩ ይለያያል። በካናዳ ቋሚ ነዋሪ በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን እዚያ መገኘት አለበት፤ ሰፋ ያለ ነው። በብሪታንያ ያልተወሰነ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው በጥቅሉ 2 ዓመት በተከታታይ ከወጣ ፈቃዱ ይወድቃል። በጀርመን ደግሞ ጠበብ ይላል፤ በጥቅሉ 6 ወር ነው፣ አስቀድሞ ካላስፈቀዱ በቀር። በሳውዲ ዐረቢያ በኢቃማ የሚኖር ወንድም የሚወጣው በመውጫና መመለሻ ቪዛ ነው፤ በዚያ ላይ የተጻፈውን ቀን ማሳለፍ የለበትም። በጥገኝነት ተቀባይነት አግኝቶ የሚኖር ሰው ደግሞ፣ እፈራለሁ ብሎ ወደሸሸበት አገር መመለሱ ራሱ ጥያቄ ሊያስነሣበት ይችላልና፣ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሕግ አዋቂ ያማክር።

መንገድና ስልክ ሲዘጉ

ለወለጋ ሰው ሌላም የሚያስበው አለ። እስቲ 2012 ዓ.ም.ን እናስታውስ። አንድ ሰው በዚያ ዓመት መስከረም ላይ እናቱን ሊጠይቅ ወደ ጊምቢ መጣ እንበል። በጥር ገደማ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ብዙ ቦታዎች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እስከ መጋቢት ቆየ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ታወቀ፤ በዓለም ዙሪያ በረራዎች ተሰረዙ። ስድስት ወሩ እንዲህ ሆኖ አለፈ። ከዚያ ወዲህም ጸጥታው ሲናጋ መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰላም ቀን የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ በሌላ ቀን ግን ስንት እንደሚፈጅ ማንም አያውቅም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ የመመለሻ ቀንን ከድንበሩ ጋር አጣብቆ መቁረጥ አያዋጣም፤ ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ ይኑረው። ሁለተኛው፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የቀረ ሰው መንገዱ ሁሉ አልተዘጋበትም። ዓመት ያለፈው ሰው በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ፣ ኤስቢ-1 የሚባለውን፣ መጠየቅ ይችላል። ሲወጣ ሊመለስ አስቦ እንደነበረና የቆየው በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ማስረዳት አለበት። ለዚህም የሐኪም ወረቀት፣ የተሰረዘ ትኬት፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል ያስፈልጋሉ። ወረቀት የማስቀመጥ ልማድ የሌለን ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ አንድ ፌስታል ለዚሁ እንመድብ።

ከወሬ እንጠንቀቅ

የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች እ.ኤ.አ. በ615 ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ተሰደው ሳለ፣ ጥቂት ወራት እንደቆዩ ቁረይሾች እስልምናን ተቀበሉ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ቤተሰብ ናፍቋቸው ስለነበር አንዳንዶቹ ተነሥተው ሄዱ። መካ ሲቃረቡ ወሬው ሐሰት መሆኑን ሰሙ። ከፊሎቹ በሰው ጥበቃ ሥር ወይም ተደብቀው ገቡ፤ ከፊሎቹ ወደ ሐበሻ ተመለሱ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብና አብረውት የነበሩት ግን በሐበሻ ቆይተው የተመለሱት በሒጅራ 7ኛው ዓመት ነው። ናፍቆት ነውር እንዳልሆነ ከዚህ ታሪክ እንረዳለን፤ በናፍቆት ላይ ያልተጣራ ወሬ ሲጨመር ግን የሚመጣውን ችግርም እናያለን።

ዛሬም «እገሌ ሁለት ዓመት ቆይቶ ማንም አልጠየቀውም» የሚል ወሬ በቡና ላይ ይወራል። እገሌ ምናልባት ፈቃድ ነበረው፤ ምናልባት ዜጋ ነበር፤ ምናልባትም ዕድለኛ ነበር። የእርሱ ዕድል ለእኛ ልጅ ማስረጃ አይሆንም። ሕግም ይለዋወጣልና፣ ከጉዞ በፊት የሚጠየቀው የዘመኑን ደንብ የሚያውቅ ጠበቃ ወይም ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የሚመጣው ልጅ ከመነሣቱ በፊት ፓስፖርቱን ይመልከት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ጊዜው እዚህ እያለ የሚያልፍ ከሆነ ሳይነሣ ያሳድስ። የመመለሻ ትኬቱን ይቁረጥ። ከዓመት በላይ የሚያቆይ ምክንያት ካለው አስቀድሞ ፈቃዱን ያመልክት። አቅም ከፈቀደ አንድ ረጅም ጉዞ ከሚያደርግ ሁለት አጫጭር ጉዞዎች ቢያደርግ ይሻለዋል።

ዜግነት የደረሰለት ደግሞ ሁለቱንም ጎን ይመዝን። ዜጋ የሆነ ሰው እናቱ ዘንድ የፈለገውን ያህል ቢቀመጥ ዜግነቱ በቆይታው አይጠፋም። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ይተዋል። ያን ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለውን፣ አውጥቶ ያለ ቪዛ መግባትና መኖር ይችላል።

እዚህ ያለነው ቤተሰቦች ሥራችን ቀላል ነው፤ ቀኑን አብረን እንቁጠር። ልጁ በገባ ዕለት የሚመለስበት ቀን በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ ይከበብ። ኒካሑም፣ የቤት ምርቃቱም፣ የውርስ ክፍፍሉም ከዚያ ቀን በፊት እንዲያልቅ ይታሰብ። የቤተሰቡ ታላቅ፣ አባትም ሆነ አጎት፣ «ልጄ ሆይ፣ ቀንህ ደርሷል፣ በሰላም ግባ» ለማለት ይቅደም። እንዲህ ያለ ሽኝት ከ«ቱሪ» ያነሰ ፍቅር አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይቀራል። እናት አልጋ ላይ ናት፤ ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠም፤ የልጁ ቀን ደግሞ እያለቀ ነው። እዚህ ላይ «ሂድ» ወይም «ቅር» ብለን ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ኡለማዎቻችን አሉ። የእናት ሐቅ ታላቅ ነው፤ እዚያ ያሉ ሚስትና ልጆች ቀለብም ሐቅ ነው። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ የሚቀር አውቆ ይቅር። ካርዱን ለእናቱ ብሎ የተወ፣ ሚስቱን አማክሮ፣ ወጪውን አስልቶ፣ ካስፈለገም በይፋ መልሶ የተወ ሰው፣ ሰው ከሰረ ቢለውም አልከሰረም። በሳምንት በሳምንት «ቱሪ» እየተባለ ሳያውቅ ያጣው ግን ኋላ እናቱን ሊወቅስ ይችላል። አንድ ልጅ የእናቱን ፍቅር እንደ ዕዳ የሚቆጥርበት ቀን እንዳይመጣ ነው ይህን ሁሉ ቀን የምንቆጥረው።

አላህ የራቁትን በሰላም ያገናኝ፣ የታመሙትን ይማር፣ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።